አረንጓዴው ለአልደን

አልደን ፒንካም የሞተው በገዛ ምግብ ቤቱ፣ በገዛ ወንበሩ ላይ፣ ሎብስተር የሚሉት ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ በቀይ የታተመበትን የፕላስቲክ መሐረብ አንገቱ ላይ እንዳሰረ ነው። አማቹ ፕሬስኮት ያን መሐረብ ከቤቱ ካስወገደው ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ለእንግዳ የሚቀርበው አሁን የተልባ እግር ጨርቅ ነው። ሽማግሌው ግን አንድ ካርቶን ሙሉ ደብቆ አስቀርቶ ኖሮ፣ እሑድ እሑድ ለቤተሰቡ ምሳ ሲቀመጥ እያወጣ እንደ ሕፃን ያስረው ነበር። በዚያ እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ትንፋሹ ሲቆም አምቡላንሱ ገና መንገድ ላይ ነበር። ከመስታወቱ ግድግዳ ማዶ አትላንቲክ እንደ ልቡ ይተነፍሳል።

ሰዉ ሁሉ ልቡ ነው አለ። የሰባ አራት ዓመት ሰው ነው፤ ቅቤ ይወዳል፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ማክሰኞ ከላቦራቶሪ የመጣው ወረቀት ግን ሌላ ተናገረ። አልደንን የገደለው የዳርቻው ሰዎች «ቀዩ ውሃ» የሚሉት መርዝ ነው። አንዳንድ ክረምት እንደወጣ ባሕሩ ውስጥ ይፈላል፣ ዛጎል ለባሽ እንስሳት ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ቢቀቅሉትም አይሞትም። መጀመሪያ ከንፈርን ያደነዝዛል፣ ቀጥሎ ጣትን፣ በመጨረሻ ሳንባን።

ረቡዕ ጠዋት የፖሊስ መርማሪዋ ሎሬይን ቲቦዶ ወደብ ከተማው ሎውሪ ሃርበር ስትደርስ የከተማው ፖሊስ ኃላፊ የሆነው ሸሪፍ የምግብ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«ድካምሽን ላቅልልልሽ፤» አላት። «ሰውየው ተገኝቷል። ሼፉ ነው፤ ኤፍራይን። ባለፈው ሐሙስ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ ‹ይሄ ነገር አንድ ቀን ይገድልሃል› ብሎ ጮኾበታል።»

«ጮኾ ከሆነማ ጥሩ ነው። ሊገድል ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ ዝም ነው የሚለው።»

«መርዙ የገባው በምግብ ነው፤ ምግቡን ያበሰለው እሱ ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እታገስሻለሁ፤ ከዚያ በካቴና ይዤው እሄዳለሁ። የበጋ እንግዶች ቦታ እየሰረዙ ነው። ከተማው ስም አለው።»

«እሱስ ስም የለውም?»

ሸሪፉ ባርኔጣውን አስተካከለ።

ሎሬይን ሃምሳ ሦስት ዓመቷ፣ ቁመቷ አጠር ያለ፣ መነጽሯ በክር ከአንገቷ የተንጠለጠለ ሴት ናት። ሠላሳ ዓመት ሰው ሲዋሽ ስታዳምጥ ኖራ ጆሮዋ እንደ ጥሩ ዓሣ ነጋዴ አፍንጫ ሆኗል፤ የቆየውን ከትኩሱ ወዲያው ይለያል። ወደ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ያነሳችው ምናሌውን ነበር። ምግብ ቤቱ በሟቹ ሚስት ስም «ኮርዲሊያ» ይባላል፤ ስሙ በወርቅማ ፊደል ተጽፏል። ከሥሩ «በጭጋግ የታጠበ ኦይስተር፣ ከባሕር ሣር አመድና ከሎሚ ትዝታ ጋር» ይላል፤ ኦይስተር በጥሬው የሚበላ ዛጎል ለባሽ ነው። በመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ የአንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ፎቶ አለ፤ «ሎብስተራችንን በእጁ ያጠመደው ሆራስ ቢል»። ሽማግሌው ካሜራውን የሚያየው የጥርስ ሐኪም በሚታይበት ዓይን ነው።

ኤፍራይን ባዶው ወጥ ቤት ውስጥ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ድንች ይልጣል። ሁለት ድስት ሞልቷል።

«ማን ይበላዋል?» አለች።

«ማንም። ቤቱ ታሽጓል። እጄ ግን መታሸጉን አልሰማም።» ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከኤል ሳልቫዶር መጥቶ በዚህ ወጥ ቤት አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቷል። «ከእሑድ ወዲህ እዚህ የገባ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ሌሎቹ በውጭ በኩል ዞረው ነው የሚያልፉት።»

ከበሩ አጠገብ ረጅም ሲባጎ ላይ ካርዶች ተሰክተው ተንጠልጥለዋል። ሎሬይን መነጽሯን አድርጋ አገላበጠቻቸው።

«የኦይስተሩና የጥቁሩ ዛጎል ካርድ ነው፤» አለ ኤፍራይን። «እያንዳንዱ ጆንያ ከነካርዱ ነው የሚመጣው፤ ከየት ውሃ፣ በስንት ቀን፣ በማን እጅ እንደወጣ። ዘጠና ቀን ማስቀመጥ ግዴታ ነው። አንድ ቀን ከጎደለ በዚያች ቢላ ይቁረጡኝ።»

አንድም ቀን አልጎደለም። እሑድ የቀረበውን ኦይስተር ከቤተሰቡ ሌላ ሠላሳ አንድ እንግዳ በልቶታል፤ ከሠላሳ አንዱ አንዱን እንኳ አላሳከከውም።

«ሐሙስ ዕለት ለምን ጮኽክበት?»

«አረንጓዴውን አትብላ ብዬ ነዋ!»

አረንጓዴው የሎብስተር ጉበት ነው። ሲቀቀል እንደ ለስላሳ ቅቤ ይሆናል። እንግዳው ሥጋውን ሲሻማ የዳርቻው ሽማግሌ የሚሻማው እሱን ነው። ቀዩ ውሃ ሲመጣ የሎብስተር ሥጋ ንጹሕ እንደሆነ ይቀራል፤ መርዙ የሚከማቸው ጉበቱ ውስጥ ነው። መንግሥት በየዓመቱ «አትብሉ» የሚል ወረቀት ይለጥፋል፤ ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን ገንጥለው ማጥመጃ ዓሣ ይጠቀልሉበታል።

«‹ይገድልሃል› ያልኩት እንዳይገድለው ነው፤» አለ ኤፍራይን። «ሰው ለሚወደው አይጮኽም? እኔ እኮ ለማልወደው ሰው ድምፄን አላባክንም።»

«የቤተሰቡን ሎብስተር አንተ ነህ የመረጥከው?»

«ኧረ በፍጹም። እንግዳው የሚበላው ከገንዳው ነው። የእሑዱን አምስት ግን አብሯቸው የሚበላው ሚስተር ሆራስ ራሱ ነው የሚያመጣው፤ ከእኔ በፊትም ልማዱ እንደዚያ ነበር። ከነነፍሱ ይሰጠኛል፣ እቀቅላለሁ፣ ሳልሰብር ሙሉውን አቀርባለሁ። እኔ ዘንድ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይቆይም።» ቢላዋን አስቀመጠ። «እመቤቴ፣ ልጠይቅዎ። ከባሕር አጠገብ ሰው በምግብ የገደለ ሼፍ ከተባልኩ፣ ከዚህ ወዲያ ማን ነው ማንኪያ የሚያስይዘኝ?»

ሎሬይን ሰዓቷን አየች። አራት ሰዓት ሆኗል።

ኮርዲሊያን ያገኘቻት ከጓሮ፣ ከጽጌረዳዎቿ መካከል ነው። ነጭ ፀጉሯን አስራ፣ የባሏን ሹራብ በዚያ ሙቀት ለብሳ ቆማለች። ከአጠገቧ ክዳን ያለው ባልዲ አለ፤ ሽታው ከክዳኑ በላይ ነው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፤ የእሑዱ ቅርፊት ነው። ሁልጊዜ ለጽጌረዳው ሥር እቀብረዋለሁ። በዚህኛው ሳምንት… ጉድጓድ መቆፈር አቃተኝ።»

«እኔ ብወስደውስ?»

«ሽታውን?» አለች ኮርዲሊያ፤ ለአፍታ ልትስቅ ዳዳት፤ ከዚያ የምትስቅለት ሰው አለመኖሩ ትዝ አላት።

ሎሬይን ጓንት አጥልቃ ባልዲውን ከፈተች። አምስት የሎብስተር ደረት አንድ በአንድ አወጣች። አምስቱም በማንኪያ ተፍቀዋል፤ ተልሰው የታጠቡ ይመስላሉ።

«አረንጓዴውን ማን ነው የሚበላው?»

«አልደን። አርባ አራት ዓመት የኔን በልቶብኛል። ታቢታም ልጅ ሆና አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ ‹አረንጓዴው ለአባባ› ነው የምትለው።»

«እሑድ ሲበላ ምን አየሽበት፣ እማማ?»

ኮርዲሊያ አንዲት የደረቀች ቅጠል ቀነጠሰች። «ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርግ ነበር። እየደጋገመ፤ ጢሙ በደንብ መላጨቱን እንደሚፈትሽ ሰው። ‹ምነው?› ስለው ፈገግ አለ። ከዚያ ሆራስን አየው፤ ሆራስ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ያይ ነበር። ብዙ አየው። ከዚያ የመጨረሻውን ቅርፊት፣ የሆራስን፣ ሳበና በላ፤ በዳቦ ጠራርጎ። እኔ ሞኟ በላልኝ ብዬ ደስ አለኝ።»

የቤተሰቡ ጠረጴዛ ባሕሩን ፊት ለፊት ያያል። ሎሬይን ታቢታንና ባሏን ያነጋገረቻቸው እዚያ ነው። ታቢታ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ፕሬስኮት ከቦስተን የመጣ፣ ጫማውን ያለ ካልሲ የሚያደርግ፣ ምናሌውን የጻፈ ሰው ነው።

«የሎሚ ትዝታ ምንድነው?» አለችው ሎሬይን።

«ሎሚው ለኦይስተሩ ይታያል እንጂ አይጨመቅም።»

«ኦይስተር ዓይን አለው እንዴ?»

«ፕሬስኮት፣ በናትህ፤» አለች ታቢታ።

«እሺ። አረንጓዴውን ትበላለህ?» አለችው ሎሬይን።

«እኔ? ሲያልፍም አይነካኝ። ሁልጊዜ ከነቅርፊቱ ነው የምጥለው። እንዲያውም ሚስተር ሆራስ በየሳምንቱ የራሱን እንደ ቅቤ ዳቦ ላይ ቀብቶ ሲበላ ፊቴን አዞራለሁ። ይቅርታ፤ ግን እውነቱን ነው።»

«እሑድስ ፊትህን አዞርክ?»

ፕሬስኮት አሰበ። «አይ። እሑድ ዳቦ አላነሳም። እንዲያውም የኔን ቅርፊት ከፊቴ አንስቶ ‹ይሄ ለምን ይደፋል› ብሎ ለአባባ አሳለፈው። እስከዛሬ እንደዚያ አድርጎ አያውቅም።»

ሎሬይን ቀና አለች። ከጠረጴዛው በላይ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ብርሃኑ የማለዳ ነው። አልደን መሰላል ላይ ወጥቶ «ኮርዲሊያ» የሚለውን ሰሌዳ ይሰቅላል፤ ኮርዲሊያ መሰላሉን ይዛ ወደ ላይ እያየች ትስቃለች። ከጀርባቸው ወደቡ፣ ጀልባ የሚታሰርባቸው ተንሳፋፊ ኳሶች ተደርድረው ይታያሉ።

«ማን አነሳው?»

«እኔ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤» አለች ታቢታ። «የመክፈቻችን ቀን ጠዋት ነው። በዚህ በጋ መጀመሪያ መሳቢያ ውስጥ አገኘሁትና ለሃያኛ ዓመታችን ብዬ አሳድጌ ሰቀልኩት። መክፈቻው ግን ያን ቀን አልሆነም። አጎቴ የምለው የሆራስ ልጅ ካሌብ በዚያው ጠዋት ባሕር ላይ ቀረ። ለመክፈቻው ሎብስተር ሊያመጡ ጎሕ ሳይቀድ ከአባባ ጋር ወጥተው፣ ነፋሱ ከፍቶ፣ እግሩ የወጥመዱ ገመድ ውስጥ ገባና ይዞት ወረደ። አባባ ሁለት ሰዓት ፈልጎ አጣው።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ፎቶውን አባባ ሁለት ጊዜ አወረደው። አፍሮ መስሎኝ እየሳቅሁ መልሼ ሰቀልኩት።»

ሎሬይን መነጽሯን አድርጋ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየች። ሰሌዳውን አልነበረም የምታየው።

«አጎትሽ ሆራስ የሚቀመጠው የት ነው?»

«እዚህ፤ ፊት ለፊቱ።»

የሆራስ ቢል ቤት ከምግብ ቤቱ አሥር ደቂቃ በእግር ነው። ከቤቱ ወዲያ ያለችው ትንሽ የባሕር ሰርጥ ለመብል የሚለቀም ጥቁር ዛጎል የሞላባት ናት፤ አፏ ላይ ግን በቢጫ ወረቀት «ቀዩ ውሃ አለ፤ ማንም እንዳይለቅም» የሚል ተለጥፏል። ሆራስ የእንጨት መተላለፊያው ጫፍ ላይ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጣቶቹ እንደ ገመድ ተቋጥረዋል።

«ፎቶዎን ምናሌ ላይ አየሁት፤» አለችው።

«ያ የቦስተን ልጅ ነው። ዓሣው አይበቃ ብሎ እኔንም አቀረበኝ።»

«ሎብስተሩን እስከ እሑድ የት ያቆዩታል?»

«እዚህ ሥር፣ ሳጥን ውስጥ። ውሃው ይገባል ይወጣል።»

«ምን ይቀልቡታል?»

ሆራስ ሳቀ፤ ሳቁ ቶሎ አለቀ። «የት ነው ያደግሽው፣ ልጄ? ሳጥን ውስጥ የገባ ሎብስተር አይቀለብም። መቆንጠጫው በላስቲክ ታስሮ ምኑን ሰብሮ ይበላል? ይጾማል። ሲጾም ነው ሥጋው የሚጠራ።»

«እኔማ የወፍጮ ቤት ከተማ ልጅ ነኝ። ሼፉን እኮ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሊያስሩት ነው።»

«አያስሩትም። ያ ሰው ምንም አላደረገም።»

«እንዴት አወቁ?»

ሆራስ መርፌውን መረቡ ውስጥ ሰካ፣ አወጣ። «ፊቱ ላይ ያስታውቃል» አለ፤ የእሷን ፊት ሳያይ።

ባሕሩ ሸሽቷል። ሎሬይን እጇን የምትታጠብ መስላ ከመሰላሉ ሥር ተንበረከከች። ሳጥኑ ግማሹ ከውሃው ወጥቷል። በርብራቦቹ መካከል ጥቁር ሰማያዊ ስብርባሪ ተሰክቷል፤ ጠርዙ ስል፣ በመዶሻ የተመታ ሳህን ይመስላል። አንዱን መዝዛ ኪሷ ከተተችና ቀና ስትል ሽማግሌው መረቡን ትቶ ያያታል።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም በእሑዱ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ በየእሑድ ቦታቸው ተቀመጡ። የአልደን ወንበር ባዶ ነው። ኤፍራይን ነጭ ሽርጡን እንዳሰረ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ሸሪፉ ከጎኑ፣ ካቴናው ከወገቡ። ሎሬይን አልተቀመጠችም።

«ከአንድ ሰዓት በፊት ላቦራቶሪው ደውሎልኛል፤» ብላ ጀመረች። «የገንዳው ሎብስተር ንጹሕ ነው። ኦይስተሩም ንጹሕ ነው። እማማ ኮርዲሊያ ያልቀበረቻቸው አምስት ቅርፊቶች ውስጥ ግን ከማንኪያው ያመለጠው አረንጓዴ በመርዝ የተሞላ ነው። አምስቱም።»

«አላልኩሽም?» አለ ሸሪፉ። «ያበሰለው ማነው?»

«ያበሰለውማ እሱ ነው። ግን መርዙ ያለው ጉበቱ ውስጥ ነው፤ ያልተሰበረ ቅርፊት ውስጥ። እዚያ የሚደርሰው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እንስሳው በሕይወት እያለ፣ ለቀናት፣ መርዘኛ ነገር ሲበላ። ኤፍራይን እጅ የቆዩት ግማሽ ሰዓት ነው። በግማሽ ሰዓት እኔም ምሳዬን አልፈጭም።»

«ባሕር ውስጥ ራሳቸው በልተው ይሆናላ» አለ ፕሬስኮት።

«አንዱ ቢሆን እሺ። አምስቱም እኩል ሞልተው፣ በዚያው ሳምንት ከዚያው ባሕር የወጣው የገንዳው ሎብስተር ንጹሕ ሲሆን? እነዚህን ሰው ቀልቧቸዋል።» ከኪሷ ጥቁሩን ስብርባሪ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ሳጥን ውስጥ የገባ ሎብስተር አይቀለብም። ይህን የነገረኝ ከሁላችን በላይ የሚያውቅ ሰው ነው። መቆንጠጫው ታስሯልና ዛጎል መስበር አይችልም፤ ስለዚህ በመዶሻ ተሰብሮለታል። ይህ የወጣው ከሚስተር ሆራስ ሳጥን ነው። ዛጎሉ የተለቀመው ከቤታቸው አጠገብ ካለችው፣ ቢጫ ወረቀት ከተለጠፈባት ሰርጥ ነው።»

ታቢታ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አጎቴ?»

ሆራስ ጠረጴዛውን ያያል።

«ሥጋውን አምስታችሁም በላችሁ፤ ሥጋው አይጎዳም። አረንጓዴውን የሚበሉት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አልደንና ሚስተር ሆራስ። የሴቶቹ ድርሻ ወትሮም የአልደን ነው። እሑድ ዕለት ሚስተር ሆራስ የፕሬስኮትን አሳለፉለት፤ ዳቦም አላነሱም፣ የራሳቸውንም ተዉለት። ዕድሜውን ሁሉ አረንጓዴ ሲበላ የኖረ የዚህ ዳርቻ ሰው ያን ቀን ብቻ ሳይቀምስ ተነሳ። መርዙን ፈርተው ከሆነ ለወዳጅዎ ለምን ሰጡ? ደግሞ ዛሬ ሼፉ ምንም አላደረገም አሉኝ። እዚህ ከተማ ውስጥ ይህን ያለኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ሌላው ሁሉ ይጠረጥራል፤ እርስዎ ያውቃሉ።»

«ግን ለምን?» አለች ታቢታ። «እንደ ወንድማማች ነበሩ! ለምን?»

ሎሬይን ወደዚህ መድረስ አልወደደችም። ጣቷን ወደ ፎቶው ዘረጋች።

«እኛ ሰሌዳውን ነው የምናየው። ጀልባ ላይ ያረጀ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ማሰሪያውን ነው። ከአባትሽ ጀርባ ያለውን፣ ጀልባችሁ የሚታሰርበትን ኳስ እዪው፤ ባዶ ነው። ጀልባው ወጥቷል። አባትሽ ግን መሰላል ላይ ነው።»

የመለሰችው ኮርዲሊያ ናት።

«አልወጣም፤» አለች። «ያን ጠዋት ሰሌዳው ጠመመብንና ካሌብን ብቻውን ላከው። ‹አንድ ጊዜ ነው፣ ቶሎ ተመለስ› ብሎ። በዚያ ነፋስ ሰው ብቻውን አይላክም፤ ማንም ያውቃል። ጀልባው ባዶውን ሲንሳፈፍ ሲያገኘው፣ አብሬው ነበርኩ በል ያልኩት እኔ ነኝ። አልደን መናገር ይፈልግ ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኩት። መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ሆራስ።»

ሆራስ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «ብቻውን መሆኑ ነው» አለ። «ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ሲወርድ ፊቱን ያየለት ሰው አለ እያልኩ ነው የተኛሁት። አልደን ስሙን ጠርቶታል፣ ጮኾለታል እያልኩ። ፎቶውን ሳይ… ልጄ እንደገና ሞተ፤ አሁን ብቻውን። እሑድ እሑድ እዚህ ተቀምጬ አንድ ቀን ይነግረኛል ብዬ ጠበቅሁት። ‹ቅቤውን አቀብለኝ› ይለኛል።» ወደ ኤፍራይን ዞረ። «አንተን አልሰጥህም ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልናገር ነበር። እውነቴን ነው።»

ኤፍራይን ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።

ሸሪፉ ካቴናውን ከወገቡ ፈታ፤ ወደ ማን ይዞት እንደሚሄድ ግን ለአፍታ ግራ የገባው ይመስል ነበር። ሆራስ ራሱ እጁን ዘረጋለት። ከዚያ ሎሬይንን አያት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አልደን አውቋል?»

ይህን ጥያቄ ፈርታው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሰው ሲዋሽ ያዳመጠች ሴት፣ አሁን አንዲት ውሸት አማራት። ኮርዲሊያን አየቻት፤ ኮርዲሊያ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች።

«አውቋል፤» አለች። «ጣቱን ከንፈሩ ላይ ሲያደርግ ነበር። ሃምሳ ዓመት ባሕር ላይ የኖረ ሰው ከንፈር መደንዘዝ ምን እንደሆነ አይስተውም። ጊዜ ነበረው፤ ሐኪም ቤት ቢደርስና በመሣሪያ ቢተነፍስ መርዙ በአንድ ቀን ይወጣለት ነበር። ግን ማንንም አልጠራም። አየዎት። እርስዎ ፎቶውን ያዩ ነበር። ከዚያ የእርስዎን ቅርፊት ሳበና በላው።»

የሆራስ ፊት ላይ አንድ ነገር ተሰነጠቀ፤ እንባ ግን አልወጣም።

«ቀጣሁት ስል፤» አለ በመጨረሻ፣ «ይህንንም ወሰደብኝ። አንዲት ቃል እኮ ትበቃኝ ነበር። ሞቱን ከሚሰጠኝ ቃሉን ቢሰጠኝ።»

ሸሪፉ ይዞት ወጣ። ፕሬስኮት ፎቶውን ሊያወርድ ተነሳ፤ ታቢታ «ተወው» አለችው፤ ድምፅዋ የሕፃን ነበር። «እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ እኔ ነኝ የሰቀልኩት» እያለች እናቷ ጉያ ውስጥ ተደፋች። ኮርዲሊያ ፀጉሯን ዳበሰቻት።

ኤፍራይን ሽርጡን ፈትቶ አጣጠፈና ወንበር ላይ አኖረው።

«ኤፍራይን፣» አለች ታቢታ ቀና ብላ፣ «የት ነው? ያለቀ ነገር እኮ ነው። ነፃ ነህ።»

«ሦስት ቀን ወጥ ቤት ተቀመጥኩ፤» አለ። የተቆጣ አይመስልም፤ የደከመ ይመስላል። «አሥራ ሰባት ዓመት ከእጄ በልታችኋል። በሩ ክፍት ነበር። ከእናንተ አንድ ሰው ብቅ ብሎ ‹አንተ አይደለህም› ቢለኝ ይበቃኝ ነበር። ያለልኝ የገደለው ሰው ብቻ ሆነ።»

ቢላዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ። ሎሬይን ማስታወሻዋን ስትሰበስብ በመስታወቱ ውስጥ አየችው፤ ከመንገዱ ማዶ የአውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ትንሽ ቆይቶ ኮርዲሊያ የባሏን ሹራብ እንደለበሰች መንገዱን ተሻግራ ከአጠገቡ ተቀመጠች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አልታየም፤ የእሱም። አውቶቡሱ ሲመጣ ኤፍራይን ተነሳ፣ እጇን ጨበጣት፣ ተሳፈረ። አውቶቡሱ ከጥዶቹ ጀርባ ከተሰወረ በኋላም አሮጊቷ አግዳሚው ላይ ነበረች።